ጠባብ ኮንዶሚኒየምን ሰፋ አርጎ ለመኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች በብዛት የሚጠይቁት አዲስ አበባ ውስጥ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ጀሞ ይሁን ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ሳይቱ ይለያያል እንጂ ችግሩ አንድ ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታው ገርጂ ላይ በ1996 ዓ.ም አካባቢ በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ ቤተሰብ ከግቢ ቤት ወጥቶ ፎቅ ገባ፣ የሚገዛው እቃ ግን አሁንም ለቪላ ሳሎን ተብሎ የተሰራ ነው፣ ሶፋውም ቡፌውም መጋረጃውም። የኔ እምነት ግልፅ ነው፣ ቤት በጣም የሚጠበው ወለሉ ሲሸፈንና መስኮቱ ሲደበቅ ነው፣ ካሬውን መጨመር አንችልም እነዚህን ሁለቱን ግን ማስለቀቅ እንችላለን። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሱት።

ቁልፍ ተረክቤያለሁ፣ ቤቱ ባዶ ነው። ከምን ልጀምር?

ከእቃ ግዢ አትጀምሩ እባካችሁ። ሜትር ይዛችሁ ግቡና ለኩ፣ የግድግዳውን ርዝመት ብቻ ሳይሆን በሩ ሲከፈት የት ድረስ እንደሚመጣ፣ መስኮቱ ከወለል ስንት ሳንቲ ከፍ እንደሚል፣ ሶኬቶቹ የት የት እንዳሉ፣ ኮለኑ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶው ከግድግዳው ምን ያህል ወጣ እንደሚል፣ ሁሉንም ወረቀት ላይ አስፍሩት። ከዛ በጠመኔ ወለሉ ላይ የሶፋውን የአልጋውን የቁም ሳጥኑን ልክ አስምሩና በመሃላቸው ተመላለሱ፣ በሩን ክፈቱ ዝጉ፣ መሶብ ቀርቦ አራት ሰው ሲከበው የት እንደሚሆን አስቡት። ሰው ጎኑን ሳያዞር እንዲያልፍ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ይፈልጋል፣ በሶፋና በጠረጴዛ መሃል ግን 40 ወይ 45 ይበቃል። በጠመኔው መሃል መሄድ ከከበዳችሁ እቃው ሲገባ ይብሳል።

አንድ ነገር ደግሞ እዩ፣ መግቢያው በር ላይ ቆማችሁ መስኮቱ ወይ የበረንዳው በር ይታያችኋል? ከታያችሁ ያንን መስመር ምንም ነገር አታቁሙበት። ሰው ገና ሲገባ አይኑ እስከ ውጭ ድረስ ከሄደ ቤቱን ሰፊ ብሎ ነው የሚቀበለው፣ አይኑ ቁም ሳጥን ጀርባ ላይ ካረፈ ግን ከዛ በኋላ ምንም ብታደርጉ አያምናችሁም።

ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር ደረጃውን ነው። አብዛኛው የ20/80 ብሎክ ጂ ፕላስ ፎር ነው ሊፍት የለውም፣ ስለዚህ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ቁም ሳጥን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ይዞራል ወይ ብላችሁ ሳትለኩ ካዘዛችሁ ወይ እቃው ይጎዳል ወይ የሰው ግድግዳ ይላጣል፣ ተፈታትቶ ቤት ውስጥ የሚገጠም እንዲሆን ለአናጢው ቀድማችሁ ንገሩት።

ሶፋ የቱ ይሻላል፣ ኤል ሼፕ፣ ሙሉ ሴት ወይስ መጅሊስ?

ይሄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል ምክንያቱም የሳሎኑን ነገር የሚወስነው ሶፋው ነው። ገበያ ላይ የምናየው ሶፋ ብዙው ክንዱ ብቻ 25 እና 30 ሳንቲ ይወፍራል፣ ሁለት ክንድ ሲሆን ግማሽ ሜትር ማለት ነው፣ ሰው ለማይቀመጥበት ነገር ግማሽ ሜትር ሰጣችሁ። ጀርባው ደግሞ ወደኋላ ስለሚያጋድል ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፣ ከኋላው አቧራ ብቻ የሚጠራቀምበት ክፍተት ይቀራል። 3 በ4 ሜትር ሳሎን ውስጥ ባለ ሶስቱን ባለ ሁለቱን እና ሁለቱን ነጠላ ስትደረድሩ መሃል ላይ የሚቀረው ለጠረጴዛው ብቻ ይሆንና ልጆች ሶፋ ለሶፋ እየዘለሉ ነው የሚያልፉት።

እኔ የምመክረው አንድ ባለ ሶስት መቀመጫ፣ ክንዱ ቀጭን ወይ ጭራሽ የሌለው፣ ጥልቀቱ ከ85 ሳንቲ ያልበለጠ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግር ያለው። እግር ስል 12 ወይ 15 ሳንቲ ከመሬት የሚያነሳው፣ ወለሉ ከሶፋው ስር አልፎ እስከ ግድግዳው ድረስ ሲታይ አይናችን ክፍሉን ሙሉ ነው የሚቆጥረው፣ መሬት ላይ የተዘፈዘፈ ሶፋ ግን ወለሉን እዛው ላይ ቆርጦ ያስቀረዋል፣ ለመጥረግም ለመወልወልም እግር ያለው ነው የሚመቸው። ተጨማሪ መቀመጫ ካስፈለገ ሁለት ቀለል ያሉ ወንበሮች ወይ ፑፍ ጨምሩ፣ ሲያስፈልግ ይመጣሉ ሳያስፈልግ ጥግ ይይዛሉ።

መጅሊስ ለጠባብ ቤት ጥሩ ነገር አለው። ዝቅ ስለሚል ከላዩ ያለው ግድግዳ በሙሉ ክፍት ይሆንና ጣሪያው ከፍ ያለ ይመስላል፣ ማታ እንግዳ ይተኛበታል፣ የገጠሩ ቤት መደብም እኮ ቀን መቀመጫ ማታ መኝታ ነበር። ግን ሶስቱንም ግድግዳ አትዙሩበት ሁለት ግድግዳ ይበቃል፣ ጨርቁም አንድ ወጥ ለስለስ ያለ ቀለም ይሁን፣ ወርቃማ አበባ ያለበት ቀይ ጨርቅ ከነትራሱ ከነምንጣፉ አንድ ላይ ሲሆን ክፍሉን ሞልቶት ቁጭ ይላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይ አባት ቤት ውስጥ ካሉ ግን መጅሊስ ብቻውን አይሆንም፣ አንድ ከፍ ያለ የሚደገፉበት ወንበር የግድ ነው።

ኤል ሼፕ ደግሞ አጭሩ ጎን በረንዳ መውጫውን ወይ መተላለፊያውን ካልዘጋ ጥሩ ነው፣ ማዕዘኗን ስለሚጠቀማት ከሙሉ ሴት ይሻላል። አጭሩ ጎን ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚዞር አድርጋችሁ አሰሩት፣ ነገ ቤት ብትቀይሩ ወይ ክፍሉን ማዞር ብትፈልጉ ትገላገላላችሁ።

ቡፌውን ላውጣው?

ከቻላችሁ አዎ። አንድ ቡፌ 2 ሜትር በ45 ሳንቲ ይዞ ነው የሚቆመው፣ አንድ ካሬ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ያውም ስቱዲዮው በጠቅላላ 30 ካሬ አካባቢ ሆኖ። ውስጡ ያለው ደግሞ ለገናና ለፋሲካ የሚወጣ የስኒ ሴት፣ ተከፍቶ የማያውቅ የሰርግ ስጦታ ብርጭቆ፣ የፕላስቲክ አበባ ምናምን ነው። ስኒውን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በካርቶን አልጋ ስር አስገቡት፣ በዓል ሲመጣ ይወጣል። ቤት ማለት በየቀኑ የምንኖርበት ነው እኮ፣ በዓመት ሁለት ሶስቴ ለሚመጣ እንግዳ ብለን ዓመቱን ሙሉ ልጆቻችንን ቦታ መከልከል ልክ አይመስለኝም።

ቡፌው የእናት ማስታወሻ ከሆነና ማውጣት ካልሆነላችሁ ብዙ ቡፌ ላይና ታች ሁለት ክፍል ሆኖ ነው የሚሰራው፣ የላይኛውን ባለ መስታወቱን አንስታችሁ የታችኛውን ብቻ ተጠቀሙ፣ ከደረት በላይ ያለው ግድግዳ ክፍት ሲሆን ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ቲቪውን ግድግዳ ላይ በብራኬት ስቀሉትና ከስሩ ለዲኮደርና ለዋይፋዩ 30 ሳንቲ ጥልቀት ያላት ግድግዳ ላይ የምትታሰር መደርደሪያ አርጉ፣ ወለል አትንካ። ግን ተጠንቀቁ፣ ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ስለሆነ መሰርሰሪያው ክፍት ቦታው ላይ ከገባ ተራ ፊሸር፣ ብሎኑ የሚገባባት ፕላስቲክ፣ አይዝም፣ ለባዶ ብሎኬት የሚሆነውን ጠይቃችሁ ግዙ። አንዳንድ ሳይት ላይ ደግሞ የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን የሚባለው ቀላል ቦርድ ነው፣ እሱ ላይ ከባድ ነገር ባትሰቅሉ ነው የምመርጠው።

የኪችኑን ግድግዳ አፍርሼ ከሳሎን ጋር ላገናኘው?

መጀመሪያ ኮለንና ቢም፣ ህንፃውን የተሸከሙት ቋሚውና አግዳሚው ኮንክሪት፣ በምንም ተዓምር አይነካም፣ ከናንተ በላይና በታች ሰው ይኖራል። ተራ የብሎኬት ክፍልፋይ እንኳን ቢሆን ውስጡ የኤሌክትሪክ ቱቦ ወይ የውሃ መስመር ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ኢንጂነር ሳያየው፣ የቤቶች ማህበሩ ሳያውቀውና ፈቃድ ሳይኖራችሁ መዶሻ አታንሱ።

ፈቃድ ቢገኝም እኔ አልደግፈውም። የኛ ኪችን ቁሌት የሚቁላላበት እንጀራ የሚጋገርበት ኪችን ነው፣ የሽንኩርቱና የቅቤው ሽታ ሶፋው ጨርቅ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ እንፋሎቱም መጋረጃውን ያበላሻል። ከፈለጋችሁ የኪችኑን በር ብቻ ወደ ጎን የሚንሸራተት አድርጉት፣ አንድ ተራ በር ሲከፈት የሚጠርገው ወለል ብዙ ነው፣ ያ ወለል ይመለስላችኋል። የመስታወት ከሆነ ደግሞ የኪችኑ መስኮት ብርሃን ሳሎን ይደርሳል።

ምን ቀለም ልቀባ? ነጭ ነው የሚያሰፋው ይባላል።

ነጭ የሚያምረው ብርሃን ሲያገኝ ነው። ከፊቱ ሌላ ብሎክ ተገትሮበት ፀሐይ የማያገኝ ክፍል ውስጥ ንፁህ ነጭ ይጠቁርና አመድ አመድ ይላል፣ እዛ ላይ ክሬም ወይ ትንሽ ቢጫነት ያለው ነጭ ይሻላል። ብርሃን የሚገባበት ክፍል ከሆነ ነጭ፣ ቀላል ግራጫ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴም ያምራል። ባልዲ ሙሉ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ትንሽ አስበጥብጣችሁ ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቀቡና ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ደግሞ አምፖል አብርታችሁ እዩት፣ ሱቅ ውስጥ ወረቀት ላይ ያያችሁትና ግድግዳው ላይ የሚሆነው አንድ አይደለም።

ከቀለሙ አይነት በላይ ግን መቆራረጡ ነው የሚጎዳው። ከታች እስከ ወገብ ዘይት ቀለም ከላይ ነጭ የሚደረገው የድሮ አቀባብ ግድግዳውን ለሁለት ይቆርጠዋል፣ ጣሪያው የወረደ ይመስላል። ወጣ ያለውን ኮለንና ቢሙን ለብቻው በሌላ ቀለም ማድመቅም እንደዛው ነው፣ ያለውን ጉብጥብጥ ኑና እዩልኝ ማለት ነው። ግድግዳ፣ ኮለን፣ በር፣ የበር ፍሬም በአንድ ቀለም ቀቡትና ጣሪያውን ነጭ አርጉት። ከቀለሙ በፊት ስቱኮው በደንብ ይወልወልና ይስተካከል፣ ጎርበጥባጣ ግድግዳ በየጎርበጡ ጥላ ይጥላል። አንድ ግድግዳ ብቻ ለየት ባለ ቀለም ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከበሩ ፊት ለፊት በጣም የሚርቀውን ግድግዳ ይምረጥ፣ የጎኖቹን አይንካ።

መጋረጃስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ብርሃን የምናባክነው። የተለመደው ምንድነው፣ ዘንጉ ከመስኮቱ ፍሬም እኩል ይታሰራል፣ መጋረጃው ወፍራም ባለ ሁለት ድርብ ነው፣ ከላዩ ደግሞ የተሸበሸበ ማስጌጫ ይደረብበታል፣ ሲከፈት ጨርቁ እዛው መስኮቱ ጎን ይከመርና ከመስታወቱ ሩቡን ሸፍኖት ይውላል። ቀንም መብራት የሚያበሩ ቤቶች አሉ በዚህ የተነሳ።

ዘንጉን ከመስኮቱ አንስታችሁ ከጣሪያው 10 ሳንቲ ዝቅ አርጋችሁ አስሩት፣ ወደ ጎንም ከመስኮቱ በግራና በቀኝ 25 ወይ 30 ሳንቲ አስረዝሙት። አሁን መጋረጃው ሲከፈት ጨርቁ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው፣ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ከውስጥ ለሚያየው ደግሞ መስኮቱ ከነበረው በጣም የሰፋ ይመስላል። ርዝመቱ ወለል ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይቁም፣ መሃል ግድግዳ ላይ የሚቀር አጭር መጋረጃ ክፍሉን ያሳጥረዋል። ቀለሙን ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ምድር ቤት የሆነ ሰው ወይ ፊት ለፊቱ ብሎክ ያለ ሰው ስስ ነጭ መጋረጃ ቀን ላይ ይበቃዋል፣ ማታ መብራት ሲበራ ግን ከውጭ ስለሚታይ ወፍራሙን መዝጋት ነው። የላይኛውን ማስጌጫ ግን ተዉት በቃ፣ ብርሃኑ ከላይ ሲገባ ነው ጓዳ ድረስ የሚደርሰው።

መስታወት እውነት ያሰፋል? የት ልስቀለው?

ያሰፋል፣ ግን የሚያሳየውን ነገር ነው እጥፍ የሚያደርገው፣ የተዝረከረከ ጥግ ፊት ለፊት ከሰቀላችሁት ዝርክርኩ ሁለት ይሆናል። መስኮቱን ወይ ሰማዩን በሚያይበት ቦታ ስቀሉት፣ ከመስኮቱ ትይዩ ወይ ጎኑ ያለው ግድግዳ ላይ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነች ከህዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ሰው በነዚህ ወራት ፀሐይዋ ጠልቃ ትገባለታለች፣ እዛ ጋ መስታወት ካለ ብርሃኑን ወደ ውስጠኛው ጥግ ይወስደዋል። ወደ ሰሜን የሚያየው ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ክረምቱ አካባቢ ነው፣ ያኔ ደሞ ደመና ነው፣ ስለዚህ ለሱ መስታወቱ የበለጠ ያስፈልገዋል። አንድ ትልቅ ቁመት ያለው መስታወት ይሁን፣ ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጭ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለጠባብ ቤት አይሆንም። የቁም ሳጥኑን በር መስታወት ማድረግ ሌላ ቦታ ስለማይወስድ ከሁሉም ይሻለኛል።

ጂብሰም ኮርኒስ ላሰራ?

አታሰሩ። ከጣሪያው 10 እና 15 ሳንቲ ይወስድባችኋል፣ ደረጃ በደረጃ የሚወርደው ዲዛይን ከሆነ ደግሞ ከዛም ይበልጣል። ያን ብር ለስቱኮና ለመብራት አውሉት።

መብራቱስ እንዴት ይሁን?

መሃል ላይ አንድ ነጭ አምፖል ብቻ ከሆነ ጥጎቹ ይጨልማሉ፣ ጥግ ሲጨልም ግድግዳው የቀረበ ይመስላል። ሶስት ቦታ ብርሃን ይኑር፣ ከላይ አንድ፣ ሶፋ ጎን አንድ የቁም መብራት፣ ሌላው ግድግዳ ላይ ወይ መደርደሪያ ስር የሚለጠፍ የኤልኢዲ ስትሪፕ። ስትገዙ ዋርም ዋይት የሚለውን፣ 3000 ኬልቪን አካባቢ ያለውን ለሳሎንና ለመኝታ፣ ነጩን ለኪችንና ለባኞ አርጉ። ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ትልቅ ሻንደሊየር ለኮንዶሚኒየም ጣሪያ አይሆንም፣ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ የሚቀመጠውን ጠፍጣፋውን ግዙ።

ኪችኑ ሁለት ሰው አይችልም፣ ምጣዱ ብቻውን ሞላው፣ ምን ይሻላል?

ይሄ ሀገር ውስጥ የኪችን ካቢኔት የሚሰራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ምጣዱ የት ይቀመጣል ብሎ ነው፣ ብዙዎቹ ግን ካታሎግ ላይ ያዩትን ይሰሩና ምጣዱ በረንዳ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ 60 ሳንቲ አካባቢ ነው፣ ከነመቀመጫውና ከነአክንባሎው ሲሆን ደግሞ ከፍታም ይፈልጋል። ካቢኔቱ ሲሰራ ከስር አንዱን ክፍል በር አልባ አድርጋችሁ 70 ሳንቲ ስፋት አስተዉና ምጣዱን ጎማ ባለው ጠንካራ የብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ ለመጋገር ይሳባል፣ ተጋግሮ ሲያበቃና ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ተገፍቶ ይገባል። ካቢኔቱ ችፑድ ወይ ኤምዲኤፍ ስለሚሆን ትኩስ ምጣድ በፍፁም አታስገቡበት። ምጣድ ብዙ ፓወር ነው የሚስበው፣ 3 ኪሎዋትና ከዛ በላይ፣ ስለዚህ በኤክስቴንሽን ሳይሆን ለብቻው በተዘረጋ መስመር ይሰካ፣ መስመሩ የሚወጣበትን ቦታ ከካቢኔቱ በፊት ወስኑ።

ጤፉን በኩንታል አስፈጭቶ ማስቀመጥ ከተቻለ ይቅር፣ 25 ኪሎ 25 ኪሎ እያደረጋችሁ ካቢኔት ውስጥ በሚገባ ክዳን ባለው እቃ አርጉት። ሽሮ በርበሬ ክክ ምስር በየፌስታሉ ከሚንጠለጠል አንድ አይነት ባለ አራት ማዕዘን እቃ ግዙለት፣ ክብ እቃ በመሃሉ ቦታ ያባክናል። የላይኛው ካቢኔት እስከ ጣሪያው ይድረስ፣ ከላዩ ክፍተት ከተዋችሁለት ድስትና ሰፌድ ይከመርበታል። በዓመት አንዴ የሚወጣው ትልቁ ድስት እዛ ላይ ይውጣ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካኑ የትም አይቀርም፣ ያው መኖር ነው። ባለ 20 ሊትሩን በመደዳ ባኞ ቤት ግድግዳ ስር ደርድሩና ከላዩ የሚነሳ ጣውላ አድርጉበት፣ የልብስ ማጠቢያ እቃ ማስቀመጫ ይሆናል።

ሮቶ በረንዳ ላይ ባስቀምጥስ? እቃ ኮሪደር ላይ ማውጣትስ ይቻላል?

ሮቶውን በተመለከተ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ የ500 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን ማለት ነው፣ በረንዳችሁ ያንን ይችላል ብሎ የሚነግራችሁ ኢንጂነር ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም። ኮሪደርና ደረጃ ደግሞ የጋራ ነው፣ የጋራ ህንፃ ባለቤትነት አዋጁ 370/1995 ከወጣ ጊዜ ጀምሮ የግላችን የቤታችን ውስጥ ነው። ህጉ ባይኖርም አንድ ቀን እሳት ቢነሳ ልጆች የሚሮጡበት መንገድ እሱ ብቻ ነው፣ አታጣቡት።

በረንዳውን በአሉሚኒየም ዘግቶ ክፍል ማድረግ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ከፈቃዱ ጉዳይ ሌላ እኔ የማልወድበት ምክንያት ሳሎኑ ብርሃንና አየር ስለሚያጣ ነው። ይልቅ በረንዳውን ባዶ አርጉት፣ አሮጌ ወንበር፣ የተሰበረ ብስክሌት፣ የሲሚንቶ ጆንያ ይውጣና ሁለት ዱካና አንድ የጤና አዳም ማሰሮ ይኑርበት፣ ከሳሎን ሆናችሁ ስታዩት ቤቱ እዛ ድረስ ይቀጥላል።

ታዲያ እቃው የት ይግባ?

አልጋ ስር አንደኛ ነው። አዲስ አልጋ የምታሰሩ ከሆነ ፍራሹ በሃይድሮሊክ የሚነሳ ሳጥን ያለው አልጋ አሰሩ፣ ጋቢው፣ የእንግዳ ብርድ ልብሱ፣ የክረምት ልብሱ፣ የሀገር ልብሱ ሁሉ ይገባል። ሻንጣ በሻንጣ ውስጥ ይግባ። ቁም ሳጥኑ እስከ ጣሪያ ይሁንና በሩ ተንሸራታች ይሁን። ከባኞ ቤቱ በር በላይ ወይ አጭሯ መተላለፊያ ላይ ደግሞ ቆጥ ማሰራት ይቻላል፣ የድሮ ቀበሌ ቤቶች ውስጥ ቆጥ ላይ ልጆች ይተኙ ነበር፣ ኮንዶሚኒየም ጣሪያው ለመኝታ አይበቃም ለእቃ ግን 50 ሳንቲ ከፍታ ያለው ቆጥ ብዙ ይይዛል።

ግን ከማስቀመጥ በፊት መቀነስ ይቅደም። የማይሰራ ሚክሰር፣ ክዳኑ የጠፋ ፔርሙስ፣ ለልጆቹ የጠበበ ጫማ፣ እነዚህን ቁራሌው ብሎክ ስር ሲጣራ ስጡት፣ የሚለበሰውን ለሚለብሰው።

ስቱዲዮ ነው፣ አልጋዬን ከእንግዳ እንዴት ልሸፍን?

ሙሉ ግድግዳ አታቁሙ፣ ከሁለት አንዱ ያለ መስኮት ይቀራል። ጣሪያው ላይ ሀዲድ አሳስራችሁ ቀለል ያለ መጋረጃ አርጉ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ ይከፈታል ሰው ሲመጣ ይዘጋል። ሌላው ጀርባው ክፍት የሆነ መደርደሪያ ነው፣ ወገብ ወይ ደረት ድረስ የሚደርስ፣ መፅሐፍና ጥቂት እቃ ይይዛል ብርሃኑም በላዩ ያልፋል። አልጋው ራሱ ወርዱ ከ1.20 ሜትር ባይበልጥ ለብቻው ለሚኖር ሰው በቂ ነው፣ 1.80 የሆነ አልጋ ስቱዲዮ ውስጥ አስገብቶ ጠበበኝ ማለት ይከብዳል።

ሁለት ልጆች አሉን፣ አንድ መኝታ ነው ያለን።

ከባድ ነው፣ እውነት ለመናገር። ብዙ ቤተሰብ መኝታ ክፍሉን ለልጆች ሰጥቶ ወላጆች ሳሎን በሶፋ አልጋ ይተኛሉ፣ ልጆቹ ቀን የሚጫወቱበትና የሚያጠኑበት ቦታ ስለሚያገኙ እኔም እሱን እደግፋለሁ። ተደራራቢ አልጋ አሰሩላቸው፣ ከላይ ያለው መከላከያ ይኑረው፣ ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ከፍ ይበል፣ መሰላሉም ግድግዳ ወይ አልጋው ላይ የታሰረ ይሁን። የማጥኛ ጠረጴዛውን ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የሚታጠፍ አርጉት፣ 40 ሳንቲ ለደብተር ይበቃል።

ዘመድ ሲሰበሰብ፣ በዓል ወይ ልቅሶ ሲሆን የት እናስቀምጣለን?

ሰው ሁሉ ትልቅ ሶፋ የሚገዛው በዚህ ፍርሃት ነው። ታጣፊ ወንበሮች ገዝታችሁ በር ጀርባ ግድግዳ ላይ ስቀሏቸው፣ ዱካዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደራረቡ ይሁኑ። ሰው ከበዛ እድሩ ወንበርና ድንኳን አለው፣ ሳይቱ ላይም ለዚሁ ተብሎ የተሰራ የጋራ መጠቀሚያ ቤት፣ ኮሙናል የሚባለው፣ ካለ እሱን መጠቀም ነው፣ ማረዱም ማጠቡም እዛ ይሆናል። ከገጠር መጥቶ ለሚሰነብት ዘመድ ደግሞ ለሶስት የሚታጠፍ ፍራሽ ቁም ሳጥን ላይ ይኑር።

ወለሉን ምን ላድርገው?

ከቻላችሁ ከመግቢያ እስከ መኝታ አንድ አይነት፣ በየክፍሉ ሲቀያየር ቤቱ ይቆራረጣል። ሴራሚክ ከሆነ 60 በ60ው ከትንንሹ ይሻላል፣ መሃሉ የሚሞላው ፉጋም ወደ ሴራሚኩ ቀለም ይጠጋ። ሶስት አራት ቁራጭ ምንጣፍ ከምትበትኑ የሶፋው የፊት እግር የሚያርፍበት አንድ ሰፋ ያለ ምንጣፍ ይበቃል።

ተከራይ ነኝ፣ ብዙ ብርም የለኝም፣ የቱን ላስቀድም?

ብዙ ሳታወጡ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦ መጀመሪያ የማያስፈልገውን ማውጣት፣ ይሄ እንዲያውም ብር ያመጣል፣ ቡፌውና ትርፍ ሶፋው ይሸጣል። ቀጥሎ የመጋረጃውን ዘንግ ከፍ ማድረግ፣ ቀዳዳ ስለሚበሳ አስፈቅዱ፣ ስትወጡ በስቱኮ ይደፈናል። ከዛ አምፖልና አንድ የቁም መብራት፣ ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፣ እናንተ ጉልበቱን እሱ ቀለሙን ቢችል ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ ቤታቸው ነው የሚያምረው። እቃ ስትገዙ ደግሞ ሌላ ቤት ውስጥም የሚገባውን ግዙ፣ ለአንድ ጥግ ብቻ ተለክቶ የተሰራ ካቢኔት ስትለቁ ለአከራዩ ትታችሁት ነው የምትሄዱት።